ሎቬት ጎዳናን ሮዝ ቀለም የቀቡት ወይዘሮ ሄስተር ተግዌል

ወይዘሮ ሄስተር ዊኒፍሬድ ተግዌል ከአባታቸው ከአቶ አምብሮዝ ፓርጀተርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉክሪሺያ ቤል እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1866 በኖርዊች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአትክልት ዘር ነጋዴ ነበሩ። እናታቸው ዝምታ የሚወዱ ሴት ነበሩ፤ እግዚአብሔር ግን ሄስተርን ሰጣቸው። ሄስተር አፋቸውን የፈቱት በጥያቄ ነው ይባላል። ገና በስድስት ዓመታቸው፣ ቤታቸው እራት የተጋበዙትን ጳጳስ «እርስዎ ቤት ስንት ሰው ባንድ አልጋ ይተኛል?» ብለው ጠይቀው ጳጳሱን ሾርባ ትን አስብለዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ጳጳሱ በዚያ ቤት ደጃፍ ዝር አላሉም።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ጀምረው፣ በ1885 ካምብሪጅ ከሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ ገቡ። በዚያ ዘመን ሴት ተማሪ ፈተናውን ታልፋለች እንጂ ዲግሪው አይሰጣትም። ወይዘሮ ሄስተርም ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አልፈው፣ ያልተሰጣቸውን ዲግሪ ይዘው ቤታቸው ገቡ። አባታቸው ለንግድ ሸሪካቸው ልጅ ሊድሯቸው አስበው ነበር። ልጁ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ስለ አባቱ ሠራተኞች አኗኗር ሲጠየቅ ውሎ፣ ላቡን እየጠረገ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

በ1891 ወደ ለንደን መጥተው የከተማ ኑሮ ጥናት ማኅበር በሚባል ድርጅት ውስጥ ሥራ ጀመሩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሰር ላየነል ትሪፕ፣ ችግረኛን ከመርዳት በፊት ማጥናት ይገባል ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ጥናቱ እንዳያልቅባቸውም በጣም ይጠነቀቁ ነበር። ማኅበሩ ጠያቂዎቹን በየቤቱ እየላከ ማን ምን ይሠራል፣ ምን ይበላል፣ ስንት ሆኖ ይኖራል እያለ ያስጽፋል። አንድ ጥብቅ ደንብም ነበረው፦ ጠያቂ የተጠያቂውን ፊት ትኩር ብሎ አያይም፤ ችግረኛ ሰው ሲያዩት ያፍራልና። ወይዘሮ ሄስተር ደንብ አክባሪ ስለነበሩ ዓይናቸውን ከወረቀታቸው ሳያነሱ ሁለት ዓመት ሠሩ። ከጉልበት በታች ያለውን ለንደን ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በ1893 የጸደይ ወራት እኛ ወዳለንበት ወደ በርመንድሲ፣ ወደ ሎቬት ጎዳና እንደሚመጡ ተሰማ። የጎዳናችን ወንዶች በቆዳ ፋብሪካዎቹና በወደቡ የሚሠሩ፣ ሥራ ሲገኝ የሚበሉ፣ ሲጠፋ ደግሞ የበሉ መስለው የሚታዩ ሰዎች ነበሩ። ውሃ የሚቀዳው በግቢው ጫፍ ካለ አንድ ክዳን አልባ በርሜል ነው። ስለ በርሜሉ ብዙ ባንናገር ይሻላል፤ ድመት የገባበት ጊዜም አለ።

የሴትዮዋን መምጣት ቀድመው የሰሙት ወይዘሮ ኬዝያ መጅ ነበሩ። ወይዘሮ ኬዝያ ልብስ አጣቢ ናቸው፤ ጎዳናውን ያለ ሹመት የሚገዙትም እሳቸው ናቸው። ዛሬ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው እዚሁ ቤተ ክርስቲያን፣ በወይዘሮ ሄስተር ሽኝት ላይ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ «ድሃ» የምትለዋን ቃል ግን ከሦስት ቤት አልፎም ይሰማታል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ቄስ እዚያ ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ቤተሰቡ በትሕትና ለምኗል።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ኬዝያ ሴቶቹን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦ «ስሙኝ! ይቺ ሴትዮ ለጤና የመጣች እንዳይመስላችሁ። ጽፎ የሄደ ሰው መልካም ነገር ይዞ ተመልሶ አያውቅም። ዛሬ ‹ስንት ናችሁ? ምን በላችሁ?› ትላለች፤ ነገ ጋሪ መጥቶ ልጆቻችንን ከእኛ ነጥቆ ድሆች ወደሚታጎሩበት ቤት ይጭናቸዋል። ገበናችንን እንሸፍን!»

ገበና መሸፈኛ ተሰበሰበ። ከአንዷ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ከሌላዋ የጠረጴዛ ሰዓት፣ ከወይዘሮ ኬዝያ ጽጌረዳ የተሳለበት የሻይ ማንቆርቆሪያ መጣ። ጎዳናው ተረባርቦ የተጠበሰ የበግ ታፋም ገዛ። የቀረው ወንድ ነው። ጥቁር ሱፍ ልብስ ባገሩ አንድ ብቻ ነበር፤ የሬሳ ሣጥን ለሚሸከም ሰው ተብሎ በመዋጮ የተገዛ። ልብሱ ልክ የሆነው ለአቶ ጄቤዝ ተግዌል ብቻ ነው። አቶ ጄቤዝ ያን ጊዜ የሃያ ስምንት ዓመት ወንደላጤ፣ ከቆዳ ፋብሪካው የተቀነሱ ሥራ ፈት ነበሩ። «ዛሬ ሥራ አግኝተሃል» አሏቸው ወይዘሮ ኬዝያ። «ምን ልሁን?» ቢሏቸው «ባል» ሲሉ መለሱላቸው።

ወይዘሮ ሄስተር በፊት በር ከአንዱ ቤት ወጥተው ወደሚቀጥለው ሲያንኳኩ፣ ማንቆርቆሪያው፣ ሰዓቱ፣ የጠረጴዛው ልብስ፣ በጉና አቶ ጄቤዝ በጓሮ አጥር እየዘለሉ ይቀድሟቸዋል። በየቤቱ ባለ ሱፍ ልብስ ባል ተቀምጦ ይስላል፤ የሚያስለው የአጥር ዝላዩ ነው። አምስተኛው ቤት ላይ የቤቱ እመቤት የባልዋን ስም ስትጠየቅ ማን እንዳለችው ጠፋባትና «ባሌ... ባሌ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል!» ብላ ተቆጣች። ወዲያው እውነተኛው ባል ከከሰል ማስቀመጫው ውስጥ አስነጠሰ። ወይዘሮ ሄስተር ቀና ሳይሉ «ይማርዎ» ብለው መጻፋቸውን ቀጠሉ። የበጉን ታፋ በየአጥሩ የተቀበሉት እጆች ሁሉ ቀረጥ ስላስከፈሉት፣ ሰባተኛው ቤት ሲደርስ አጥንት ሆኖ ነበር። የሰባተኛው ቤት እመቤት አጥንቱን በፎጣ ሸፍና «አሁን በልተን መነሳታችን ነው» አለች።

ጥናቱ በ1895 መጽሐፍ ሆኖ ከነካርታው ታተመ። ወይ ጉድ! ወይዘሮ ሄስተር በየቤቱ ያዩትን አንድ ዓይነት የተሰነጠቀ ጫማ አስታውሰው፣ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ጫማ ያድላል ሲሉ ጻፉ። ሳሉ የሙያ ሳል ነው አሉ። የበግ ሥጋ በሥራ ቀንም ይበላል፣ ሆኖም ወደ ጎዳናው መጨረሻ በተሄደ ቁጥር ፍጆታው ይቀንሳል አሉ። ከሁሉም በላይ የተወደሰላቸው ግን በማንቆርቆሪያው ላይ የጻፉት ምዕራፍ ነው፤ ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ማንም ሳያስገድደው ዕቃ ሲመርጥ አንድ ልብ መሆኑን የሚያስረዳ ሰፊ ምዕራፍ ነበር። የተማሩ ሰዎች ቆመው አጨበጨቡላቸው። በካርታው ላይ ችግረኛ የሚኖርበት ጎዳና ጥቁር ሰማያዊ፣ ደህና ኗሪ ያለበት ሮዝ ነው የሚቀባው። ሎቬት ጎዳና ሮዝ ሆነ።

የደስታችን ነገር! ወይዘሮ ኬዝያ ከኛ ቀጥሎ ወዳለው ወደ ኩፐር ጎዳና ሄደው መሐል መንገድ ላይ ቆሙና «እናንተ ሰማያዊዎች! እኛ እኮ ሮዝ ነን!» ብለው በወገባቸው ላይ እጃቸውን ጫኑ። የኩፐር ጎዳና ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ይህ ደስታ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ቆየ።

በሚቀጥለው ዓመት ሰፈሩን የሚያስተዳድረው የአጥቢያው ቦርድ፣ ካርታውን ዘርግቶ ተመልክቶ፣ ሰማያዊ ለሆኑት ጎዳናዎች የቧንቧ ውሃና የቆሻሻ ማስወገጃ ቦይ እንዲገባ ወሰነ። ኩፐር ጎዳና ቧንቧ ገባለት። እኛ ደህና ናችሁ ተባልን። አንዲት የኩፐር ጎዳና ሴት ንጹሕ ውሃ የሞላ ባልዲዋን ይዛ በደጃችን እያለፈች «ምነው ሮዞች፣ ጠማችሁ እንዴ? ቀለማችሁን በጥብጣችሁ ጠጡት!» አለች። ወይዘሮ ኬዝያ ባልዲያቸውን አንስተው ወደ በርሜሉ ሄዱ።

የ1896 ሐምሌ ሙቀቱ የከፋ ነበር። በርሜሉ ሸተተ፤ ትንንሾቹ በተቅማጥ ማለቅ ጀመሩ። አቶ ጄቤዝ ጥቁሩን ሱፍ ለብሰው ማውለቂያ ጊዜ አጡ። አንድ ቀን ከቀብር ሲመለሱ ወደ ቤታቸው መሄዱን ትተው፣ እግራቸው እንደመራቸው ወንዙን ተሻግረው የጥናት ማኅበሩ ቢሮ ገቡ። ወይዘሮ ሄስተር ጠረጴዛቸው ላይ አቀርቅረው ይጽፋሉ።

«እመቤቴ፣ ያውቁኛል?» አሏቸው።

«አይመስለኝም» አሉ ወይዘሮ ሄስተር፣ እንዳቀረቀሩ።

«እንግዲያው ጫማዬን ይዩት።»

ወይዘሮ ሄስተር ጫማውን አይተው ፊታቸው በራ። «እንዴ! ፋብሪካው የሚያድለው ጫማ!»

«ፋብሪካው የሚያድለው በሽታ ነው እመቤቴ። ጫማው የአባቴ ነው። ሰባቱም ባሎች እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ወይዘሮ ሄስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። አቶ ጄቤዝን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «ማንቆርቆሪያውስ?» አሉ በደከመ ድምፅ። «አንድ ነው።» «በጉስ?» «እሱም አንድ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።» ወይዘሮ ሄስተር ሳቅ አፈናቸው። ጠረጴዛውን ይዘው እስኪንገዳገዱ ሳቁ፤ አቶ ጄቤዝም አብረዋቸው ሳቁ። ከዚያ «ታዲያ ዛሬስ ይህን ልብስ ለምን ለበሱት?» ሲሉ ጠየቁ። «ከቀብር መምጣቴ ነው። የአንድ ዓመት ልጅ ነው። ሣጥኑን በብብቴ ይዤው ነው የሄድኩት። ውሃ የነፈጋችሁን ሮዝ ናችሁ ብላችሁ ነው፤ ሮዝ ያስቀባንዎት ደግሞ እኛው ነን። ለማን አቤት ይባላል?» አሉ አቶ ጄቤዝ። ወይዘሮ ሄስተር ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ።

በማግሥቱ ሰር ላየነል ዘንድ ገብተው ካርታው ይታረም አሉ። ሰር ላየነል «ለአንድ ጎዳና ብለን ካርታ አንደልዝም። ደግሞም የማንቆርቆሪያው ምዕራፍ ወደ ጀርመንኛ እየተተረጎመ ነው» አሏቸው። ወይዘሮ ሄስተር «ጀርመኖቹ ውሃ አላቸው» ብለው ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ከማኅበሩ ጋር የነበራቸው የሥራ ግንኙነትም በዚህ ተፈጸመ።

አሁን የቀረው ቦርዱን አምጥቶ ጎዳናውን እንዳለ ማሳየት ነው። ችግሩ ጎዳናው እንዳለ መታየት አለመፈለጉ ነው። ወይዘሮ ሄስተር የወይዘሮ ኬዝያን በር አንኳኩ።

«ወይዘሮ መጅ፣ ቦርዱ መጥቶ እውነቱን ይይ።»

«የምን እውነት?»

«ችግረኛ መሆናችሁን ነዋ።»

በሩ ተዘጋ። በማግሥቱ ተመልሰው መጡ፤ አሁንም ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ኬዝያ ከበሩ ወዲያ ሆነው ጮሁ፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን አደረግንሽ? የሰው ልብስ አጥቤ ልጆቼን አሳደግሁ። የደጄን ድንጋይ በየጧቱ ፈግፍጌ አነጣለሁ። ድሃ ብለሽ ልታስጽፊኝ ነው? በየት በኩል ቀና ብዬ ልሂድ?»

ወይዘሮ ሄስተር ከደጅ ሆነው «ስለ እርስዎ ምንም አልናገር። የምናገረው ስለ ራሴ ነው። ዓይን እያለኝ ያላየሁ ሞኝ መሆኔን እንድናገር ነው የምለምንዎ» አሉ።

ከበሩ ወዲያ መቀርቀሪያው ሲነካ ተሰማ።

«ሞኝ መሆንሽን ራስሽ ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ።»

«በቦርዱ ፊት?»

«በቦርዱ ፊት።»

«ጮክ ብለሽ?»

«ጮክ ብዬ።»

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ኬዝያ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ «እኛ ድሃ ነን አንልም። ማንቆርቆሪያው አንድ መሆኑን ግን ጌቶቹ ካዩ፣ ይዩ፤ ዓይን የሰጣቸው እግዚአብሔር ነው» አሉ።

በመስከረም ወር ቦርዱ መጣ፤ ሰብሳቢው ቦርጫም፣ ሣቂታ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ሄስተር በየቤቱ ደጃፍ ቆመው ከመጽሐፋቸው ያነቡና «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስህተት ነው፤ ሞኝነት ነው» ይላሉ። ጮክ ሲሉ ኩፐር ጎዳና ድረስ ይሰማል። ዕቃውም እንደ ድሮው በጓሮ መሄዱ ቀርቶ፣ ወይዘሮ ኬዝያ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከፊት፣ ሰዓቱና የጠረጴዛው ልብስ ከኋላ፣ አቶ ጄቤዝ በሱፋቸው ከሁሉም በኋላ፣ በጌቶቹ አፍንጫ ሥር በፊት በር ከቤት ወደ ቤት በሰልፍ ያልፉ ጀመር። በየደጃፉ ጌቶቹ «ትንሽ ይታገሡን፣ ማንቆርቆሪያው አልደረሰም» ይባላሉ። ሰብሳቢው አቶ ጄቤዝን «እርስዎስ ማን ነዎት?» ሲሏቸው «የዚህ ቤት ባል ነኝ ጌታዬ፤ ቢፈቅዱልኝ የሚቀጥለው ቤት ይጠብቀኛል» አሏቸው። ሰውዬው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሰባተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ሳቁ ጉሮሯቸውን አደረቀውና ውሃ ለመኑ።

ወይዘሮ ኬዝያ ከበርሜሉ ቀድተው፣ ጎዳናው ባለው ጥሩ ብርጭቆ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው፣ ጉንበስ ብለው አቀረቡላቸው። ሰብሳቢው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። ሳቃቸው ቆመ። ወይዘሮ ኬዝያም «ይጠጡት እንጂ ጌታዬ፤ ልጆቻችን ይጠጡታል» አሉ። ሰውዬው ብርጭቆውን መልሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በ1897 መጋቢት ወር ሎቬት ጎዳና ቧንቧ ገባለት።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ወይዘሮ ሄስተር ከአቶ ጄቤዝ ተግዌል ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ። ጥያቄው ሲቀርብላቸው «ከሰባቱ የትኛው ነው የሚያገባኝ?» ብለው ነበር። አቶ ጄቤዝ «ሥራ ፈቱ» ሲሏቸው «እሱን ነው የምፈልገው» አሉ። አምብሮዝና ኬዝያ ሉክሪሺያ የተባሉ ሁለት ልጆች ወለዱ። መኖሪያቸውንም እዚሁ ጎዳና ላይ አደረጉ። ወይዘሮ ሄስተር ልብስ ማጠብ ከወይዘሮ ኬዝያ ለመማር ቢሞክሩም በሁለተኛው ሳምንት በመምህርቷ ጥያቄ አቁመዋል። ስለ ለንደን ሠራተኞች ኑሮ ሁለት መጻሕፍት ጨመሩ፤ የሰውን ዓይን እያዩ የጻፏቸው ናቸው፤ ማንም ቆሞ አላጨበጨበላቸውም፣ ጀርመኖችም አልፈለጓቸውም። በ1907 ራሳቸው የአጥቢያው ቦርድ አባል ሆነው ለትምህርት ቤት ልጆች ምሳ እንዲሰጥ አስወስነዋል። ለቦርዱ ስብሰባ የሚያቀርቡት ጥያቄ ብዛት በእንቅልፍ የታወቁትን ሁለት አባላት ሥራ አስለቅቋል።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ልባቸው ደክሞ አልጋ ያዙ። ወይዘሮ ኬዝያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ በምርኩዛቸው እየመጡ አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር። ሁለቱ ስለ መስኮቱ ይጣላሉ፤ አንዷ ይከፈት፣ አንዷ ይዘጋ። አንድ ቀን ጭቅጭቁ መሐል ላይ ወይዘሮ ኬዝያ የመስኮቱን ነገር ተዉት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው «ሄስተር ልጄ፣ በሕይወት ያሉት ልጆቼ ሦስት ናቸው። የወለድኩት ግን ስምንት ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖርኩ» አሉ። የሞቱትን አምስቱን አንድ በአንድ፣ ስም የወጣላቸውን በየስማቸው፣ ምን ይወዱ እንደነበር እየጨመሩ ነገሯቸው። የወይዘሮ ሄስተር ብዕር ብርድ ልብሱ ላይ ነበር፤ አላነሱትም። የወይዘሮ ኬዝያን እጅ ይዘው እያዩአቸው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ወይዘሮ ሄስተር የካቲት 11 ቀን 1931 በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ጄቤዝን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የጻፈውን የባለቤታቸውን የወንድም ልጅ ትተው አልፈዋል። ባዶ የቀረው ቤት የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ በጣም ነው የጎዱን።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ትናንት ግን ወይዘሮ ኬዝያ በምርኩዛቸው መጥተው ቤተሰቡን አዘዙ፦ «የልጆቼ ስም ይነበብ። ጎዳናው ሁሉ፣ ኩፐር ጎዳናም ይስማ። እሷ ስለኛ ብላ ጮክ ብላ ተናግራለች፤ እኔም አላፍርም። ጮክ ተብሎ ይነበብ።»

ስለዚህ ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉልን ዘንድ እንለምናለን። ንጹሕ ውሃ ወደ ሎቬት ጎዳና ሳይገባ የሞቱት የወይዘሮ ኬዝያ መጅ ልጆች ሳይለስ መጅ፣ ሎቲ መጅ፣ መንትዮቹ ባርናቢና ፊቢ መጅ፣ እንዲሁም ስም ሳይወጣለት በዘጠነኛ ቀኑ ያረፈው ወንድ ልጃቸው ናቸው። አምላክ የወይዘሮ ሄስተርን ነፍስ በነዚህ በአምስቱ መካከል ያሳርፍልን፤ እናታቸው እስኪመጡ ድረስም ትጠብቃቸው። አሜን።